የአባቴ ክኒንና የቄስ አለባቸው ግዝት

ባለፈው ሳምንት ከንፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ በምትወርድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ በስልክ ለልጃቸው ሲያወሩ ሰማሁ። «የልቤን መድኃኒት ከተውኩት ይኸው አሥራ አምስት ቀኔ። ምን ሆንኩ? ምንም አልሆንኩ! ዝም ብለው ነው የሚያስውጡን።»

የሰው ወሬ አልሰማም ብል ውሸት ነው፤ እሰማለሁ። ሰምቶ ዝም ማለት ብችል ደግሞ መልካም ነበር። «ገና ነው እኮ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ሴትዮዋ ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው አዩኝ። ሾፌሩ በመስታወት አየኝ። ረዳቱ ደግሞ ለእሱ የተናገርኩ መስሎት «ምኑ ነው ገና? ወራጅ ካለሽ በጊዜ ተናገሪ» አለኝ።

ለሴትዮዋ የአባቴን ነገር ማውራት ጀመርኩላቸው። ደህና አድርገው ሲሰሙኝ ቆይተው ወሬው ግማሽ ላይ ሲደርስ አገራቸው ደረሰና ወረዱ። ግማሽ ወሬ ሆዴ ውስጥ አይቀመጥልኝም። ሙሉውን እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። አርብ ገበያ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይተን እንማር ነበር። የእኛ መንደር ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ በእኔ እግር ግን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቀስ ብሎ መሄድ አልችልበትምና። እናቴ ዓርብ ዓርብ ገበያ ስትወጣ በአህያ ድንችና ሽሮ ትጭንልኛለች፤ እኔ ደግሞ በበዓልና በእረፍት ወደ ቤት እሮጣለሁ።

አባቴን አገሩ ሁሉ አያ ተገኘ ይለዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገርን ሁሉ ራሱ ሞክሮ ካላየ የማያምን ገበሬ ነው። የግብርና ጣቢያው አዲስ ዘር ሲያመጣ ሌላው ሰው ወይ ይቀበላል፣ ወይ ይሳደባል። አባቴ ግን ማሳውን በገመድ ለሁለት ይከፍልና ግማሹን በአዲሱ፣ ግማሹን በአሮጌው ይዘራል። በአጨዳ ጊዜ የሁለቱን ነዶ እያነሳ እያስቀመጠ ይፈርዳል። የነገሬ ሁሉ መነሻ ይህ አመሉ ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ፣ እርሻ ላይ እያለ ወደቀ። «ልቤ እንደ ፈራች ወፍ ትዘላለች» አለ ሲነቃ። ከአንዱ ጤና ጣቢያ ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ሲመራ ሲመራ ቆይቶ በመጨረሻ አንድ ሐኪም ነጭ ክኒን አዘዘለት፤ በቀን አንዲት። «ልብህ ምቷን ስታለች፣ ይህ ይይዝልሃል። እኛ ሳንልህ እንዳታቆም። ፀሐይ ደግሞ ተጠንቀቅ፤ ይህን መድኃኒት የሚውጥ ሰው ቆዳው ቶሎ ይቃጠላል» አለው።

አባቴ ታዛዥ ነበርና ጥቁር ጃንጥላ ገዛ። ጃንጥላ ይዞ ማረስ ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው አያውቀውም። አንድ እጅ ለእርፉ፣ አንድ እጅ ለጅራፉ፤ ለጃንጥላው ሦስተኛ እጅ ከየት ይምጣ? ጎረቤታችን አያ ደምሌ ከማዶ ሆኖ «ቄስ ተገኘ! ታቦቱ የታለ?» እያለ ይጮህበታል። በመጨረሻ ጃንጥላውን ለመንገድ ብቻ አደረገው። አፍንጫው እንደ ተጠበሰ ድንች እየተላጠ ከረመ። ልቡ ግን ተረጋጋች፤ ወድቆም አያውቅ።

ክኒኑን ከንፋስ መውጫ የማመጣለት እኔ ነበርኩ። አርብ ገበያ አይገኝም ነበር።

የዚያን ዓመት ለገና ወደ ቤት የሄድኩት አዲስ የገዛሁትን ክኒን ይዤ ነው። አገሩ በሙሉ አውድማ ላይ ነበር። ጧት ጧት ውርጩ ጣት ያደነዝዛል፤ ቀን ደግሞ ጭዱ በፀሐይ ወርቅ መስሎ ይበራል፤ የሰው ሁሉ ቅንድብ በእብቅ ነጭቷል። ቤት ገባሁና ክኒኑን ልጨምር ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለችውን ከረጢት ስከፍት፣ ያለፈው ጊዜ ክኒን ከነሽፋኑ ተቀምጧል። ከዚያ በፊት የነበረውም ገና ግማሽ ነው።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ክኒን ነዋ።»

«ክኒን መሆኑንማ አያለሁ። ሆድህ ውስጥ መሆን ሲገባው ምሰሶ ላይ ምን ይሠራል?»

እናቴ ድንች እየላጠች አንገቷን ደፋች። ታውቃለች ማለት ነው።

«ትቼዋለሁ» አለ አባቴ። «ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ አልቀመስኩትም። የማርያምን ጠበል ጀምሬያለሁ።»

«ጠበሉንም ጠጣ፣ ክኒኑንም ዋጥ። ማን ከለከለህ?»

ቂል እንደሚያይ ሰው አየኝ። «ሁለት ዘር ደባልቄ ዘርቼ የትኛው እንደ በቀለ በምን ላውቅ ነው?»

ለካ ተስሏል። ያለ ክኒን እስከ አስተርዮ ማርያም ካቆየችው ቡሬን ሊሰጣት። ቡሬ ያን ጊዜ ቀንበር በመልመድ ላይ የነበረ ወይፈን ነው። «ሁለቱንም ይዤ ብድን» አለኝ፣ «ወይፈኑ ለማን ነው? የክኒኑን ሥራ ለማርያም ብሰጥ ውሸታም ነኝ። የማርያምን ውለታ ለክኒን ብሰጥ ከሐዲ ነኝ። መለየት አለበት።»

እናቴ ከድንቹ ቀና ሳትል «ወይፈኑ እኮ ገና መልመዱ ነው» አለች ቀስ ብላ። ለማን እንደ ተናገረች አይታወቅም፤ ለማርያም ይመስለኛል።

አባቴ እጄን ይዞ ደረቱ ላይ አስቀመጠ። «ስሚ እስኪ።» ድክ፣ ድክ፣ ድክ። እንደ ደህና ወፍጮ ትሄዳለች። ቀኑን ሙሉ በመንሽ ጭድ ሲያነሳ የዋለ ሰው ነው። እውነቱን ልናገርና እኔም ግራ ገባኝ። ተናጋሪ ነኝ እንጂ ደረቅ አይደለሁም። ካልተዋጠ መድኃኒት እንዴት ደህና ልብ ይመጣል?

ገናን እንዳለፍን ንፋስ መውጫ ሄድኩ። ክኒኑን የምትሸጥልኝ ፋርማሲስት ስንታየሁ የምትባል ወፍራም ሴት ነበረች፤ ደግ ነገር እንኳ በቁጣ ነው የምትናገረው። የነገርኳትን ሰምታ ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀችም።

«ስሚ» አለችኝ። «ዛሬ ተውጦ ነገ በሽንት ውልቅ የሚል ስንት ክኒን አለ። ይሄ እንደዚያ አይደለም። ጉበት ይለውጠውና ሌላ ነገር ያወጣበታል። ልጁ በይው። ልጁም እንደ አባቱ ልብ ይይዛል፣ ሥራ ፈት አይደለም። ሁለቱም ስብ ውስጥ፣ ሳንባ ውስጥ፣ ጉበት ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ። ሰውየው መዋጥ ቢያቆም ቀስ እያሉ ነው የሚወጡት። በቀናት እንዳይመስልሽ፤ በሳምንታትና በወራት። አባትየው ሄዶም ልጁ ይቆያል።»

«ታዲያ አባቴ አሁን…»

«አባትሽ ክኒን አልተወም። አፉ ነው የተወው። ሰውነቱ የድሮውን እየበላ ነው።»

«ሲያልቅስ?»

የሌላ ሰው መድኃኒት መጠቅለል ጀመረች። «ሲያልቅ ቀጠሮ አይሰጥም። እርሻ ላይ የጣለችው ልብ ተመልሳ ትመጣለች። ፀሐይ አሁንም ያቃጥለዋል?»

«አፍንጫው እንደ ተላጠ ነው።»

«በይ፣ ምስክርሽ አፍንጫው ነው። ሐኪም ዘንድ አምጭው። አይቶ እሱ ያስጀምረው።»

የተመለስኩት እየሮጥኩ ነው። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አባቱን ለብቻው ጠርቶ ያናግራል። እኔ አውድማው ላይ፣ በደቦ ሊያግዙ በመጡት ሰዎች ፊት፣ ትንፋሼ ሳይመለስ ጀመርኩ። ጉበት፣ ስብ፣ ልጅ፣ አባት።

አያ ደምሌ መንሹን ተደገፈ። «ቆይ፣ ቆይ። ክኒን ይወልዳል ነው የምትለው?»

«እንደሱ አይደለም…»

«ተገኘ! እንኳን ማርያም ማረችህ! ክርስትናው መቼ ነው?»

አውድማው በሳቅ ፈረሰ። የሚንከባለል ሰው ነበር። በማግስቱ ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አስቀምጠው «አንቺ ይታይሽ፣ ክኒኗ ወንድ ነው ሴት የወለደችው?» ብለው ተቀበሉኝ። አሥር ዓመት ተምሬ ያተረፍኩት ይህን ነው።

ያን ዕለት አውድማው ላይ ግን ሳቃቸው እስኪያልቅ አልጠበቅሁም። «ክኒኑ ከወጣልህ አፍንጫህ ለምን ይላጣል?» አልኩት አባቴን። «ወይስ ማርያም ልብህን ስትምር አፍንጫህን ረሳችው?»

ሁሉም አፍንጫውን አዩ። አያ ደምሌ ቀርቦ፣ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ከግራም ከቀኝም መረመረው። አባቴ በጋቢው ጫፍ ሸፈነና «ሂዱ ወደ ሥራችሁ!» አለ።

ከስንዴው ነዶ መሃል አንዲት የገብስ ዛላ መዝዤ አወጣሁ። «ይቺን ማን ዘራት?»

«ማንም። አምና እዚያ ማሳ ላይ ገብስ ነበር። ሲታጨድ የረገፈው ነው ራሱ የበቀለ።»

«በቃ፣ ክኒኑም እሱ ነው። ዘንድሮ ማርያምን ዘራህ፤ የበቀለልህ ግን የአምናው ነው።»

አባቴ ዛላዋን ተቀበለኝ። በመዳፉ አሸ፣ እፍ አለ፣ ፍሬዋን አገላብጦ አየ። ብዙ ቆየ። አሸነፍኩ አልኩ በሆዴ።

«እውነትሽን ነው» አለ። «ማሳው አልጠራም።»

«አዎ! እሱን እኮ ነው የምልህ!»

«እንግዲያው ቸኩያለሁ። ይህ ፍርድ ሆኖ አይቆጠርም። የአምናው ሁሉ ተጠራርጎ እስኪወጣ መጠበቅ አለብኝ። እስከ ፋሲካ ላቆየው።»

«አባባ! ተጠራርጎ ሲወጣ እኮ ትሞታለህ!»

«ወይም አልሞትም» አለ፣ ፍሬዋን ወደ አፉ እየወረወረ። «ያኔ ነው የሚታወቀው።»

ሰው በምላሱ አባቱን ሊገድል ይችላል? እኔ ልገድል ነበር። ሳልናገር ቢቀር ኖሮ አስተርዮ ላይ ስለቱን አግብቶ፣ ትንሽ ሲያመው «ስለቴን ከፍያለሁ» ብሎ ወደ ክኒኑ ይመለስ ይሆናል። አሁን ግን «አሞኛል» ብሎ የሚመለስበትን በር ራሴ ዘጋሁበት። ባመመው ቁጥር ማሳው እየጠራ ነው ሊል ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ስንዴውን ያዘራ ነበር። የማዝሪያ ላይዳውን ወደ ላይ አንስቶ ሳለ ቆመ። ላይዳውን አስቀመጠና እጁን በጋቢው ስር ደረቱ ላይ አድርጎ ነፋስ እንደሚፈልግ ሰው ወደ ሰማይ አየ።

«ምነው?» አልኩት።

«ነፋሱ ቆመ» አለኝ።

ነፋሱ አልቆመም። እብቁ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ነበር።

ምንም ሳልናገር ሄድኩ። ይህ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ይመስለኛል። የሄድኩት ወደ አባቴ የነፍስ አባት፣ ወደ ቄስ አለባቸው ነው። ትንሽ ሽማግሌ ናቸው፤ ጥምጥማቸው ከራሳቸው ይበልጣል። በራቸው ላይ ተቀምጠው በሶ በጥብጠው ይጠጣሉ።

«አባ፣ አባቴን ሊገድሉት ነው» አልኳቸው።

«ማን?»

«እርስዎና ጠበልዎ።»

በሶው ትን አላቸው። እስኪተነፍሱ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለቱን፣ ክኒኑን፣ የክኒኑን ልጅ፣ ገብሷን። መሳቂያ መሆን ስለለመድኩ ልጁ ጋ ስደርስ ቶሎ ብዬ ላልፍ ስል እሳቸው መለሱኝ። «ቆይ፣ አባትየው ከሄደ በኋላም ልጁ ይሠራል ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ አባ።»

የጥምጥማቸውን ጫፍ ፈቱና በወረቀት የተጠቀለለች ነገር አወጡ። ክኒን ናት።

«የግፊት ናት» አሉኝ። «ሰባት ዓመቴ። ጠበሉን የምባርከው እኔ፣ ይቺን የምውጠው እኔ። ማርያም አንድ ቀን ተቆጥታኝ አታውቅም።»

«ታዲያ ለሰው ለምን አይናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ? ደግሞ ይሄ ሕዝብ ቄስ ሲያስለው እንኳ ሃይማኖቱ ጎደለ የሚል ነው።»

«በሉ አሁን አባቴን ይምከሩልኝ።»

«ተገኘን? ማሳ በገመድ የሚከፍል ሰው በምክር ይመለሳል? አንቺም መከርሽው፣ ይኸው አባስሽው። ተይው ለእኔ። እስከ አስተርዮ ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ።»

«ምን?»

«ዝም በይ።»

ከባዱ እሱ ነበር። ሰባት ቀን ነው።

የአስተርዮ ዕለት ታቦቱ ወጥቶ፣ ተዘፍኖ፣ ተመልሶ ከገባ በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ስለታቸው የሰመረላቸው ሰዎች እየተነሱ ይመሰክራሉ፤ አንዷ ጥላ፣ አንዱ ጧፍ፤ እልልታ ነው። አባቴ ቡሬን በገመድ ይዞ ተነሳ። ቀኑን ስላዛወረ በሕዝብ ፊት ማርያምን ማስፈቀድ አለበት፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ አስረዳ። ክኒኑን፣ ጉበቱን፣ ክኒኑ የሚተወውን ልጅ፣ ያልጠራውን ማሳ። ከእኔ አፍ ሲሰሙት መሬት ላይ የተንከባለሉት ሰዎች አሁን «እህ» «ኧረ!» እያሉ ሰሙት። አያ ደምሌ ጭራሽ ለጎረቤቱ «ስብ ውስጥ ነው አሉ የሚደበቀው» ብሎ ያብራራል። አፌን በነጠላዬ ያዝኩት።

«ስለዚህ እስከ ፋሲካ ትታገሠኝ» ብሎ ጨረሰ አባቴ።

ቄስ አለባቸው መስቀላቸውን ይዘው ተነሱ። «ተገኘ!»

«አቤት፣ አባ።»

«ማርያም የግብርና ጣቢያ ዘር ናት እንዴ፣ ግማሽ ማሳ ለክተህ የምትሰጣት?»

አባቴ የቡሬን ገመድ በእጁ ጠቀለለ።

«ሐኪሙንስ የፈጠረው ማን ነው? ሌላ ፈጣሪ አለው? ስማ። ነገ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለህ። ያዘዘልህን ክኒን በማርያም ጠበል ትውጣለህ፤ በየቀኑ። አንዲት ቀን ብታስታጉል ገዝቼሃለሁ! እኔ ራሴ እስክፈታህ ድረስ።»

የቄስ ግዝት በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። ያፈረሰ ሰው ከቅዱስ ቁርባኑ ተለየ፣ ሲሞት የሚፈታው የለም። ሞትን ሞክሬ ልየው ይል የነበረው አባቴ ፊቱ እንደ አመድ ነጣ፤ ከአፍንጫው በቀር።

«ወይፈኑስ፣ አባ?» አለ ቀስ ብሎ።

«እስክፈታህ አንተው ዘንድ ይቆይ። በዓመት አንድ ቀን የማርያምን መሬት ይረስላት።»

አንዲት ሴት ብቻዋን እልል አለች፤ ረጅም፣ የሚንቀጠቀጥ እልልታ። ዞር ብዬ ሳይ እናቴ ናት።

በማግስቱ ንፋስ መውጫ አብረን ሄድን። ሐኪሙ ደረቱ ላይ ገመድ ለጣጥፎ የወጣለትን ወረቀት አየና ራሱን ነቀነቀ። «ጀምራለች» አለ፤ «ትንሽ ትንሽ መሳት ጀምራለች። በጊዜ ነው የመጣችሁት።» አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ እንደ ነዶ አገላበጠው። ያን ዕለት በሚኒባሱ ስንመለስ መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም እንዲያው ለእሱ ስል ትንሽ ብቻ ተናገርኩ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አስተርዮ ላይ ይጠይቃቸዋል። «አባ፣ አይፈቱኝም?» ቄስ አለባቸው መስቀሉን ያሳልሙትና «ገና ነህ» ይሉታል። ቡሬ አድጎ የአገሩ አንደኛ በሬ ሆነ።

ከሦስት ዓመት በፊት ቄስ አለባቸው በሽምግልና አረፉ። አባቴ ከልጆቻቸው በላይ አለቀሰ። ከቀብር ስንመለስ «ሳይፈቱኝ!» ይላል፤ «ኧረ ሳይፈቱኝ!» ለሰውየው ይሁን ለግዝቱ የሚያለቅሰው ለይቼ አላውቅም፤ እሱም የለየው አይመስለኝም። በሳልስቱ አዲሱን ቄስ ፍቱኝ ብሎ ጠየቃቸው። ወጣት ናቸው። «ያሰረው ሳይፈታ እኔ ምን አግብቶኝ!» ብለው መስቀላቸውን ይዘው ሸሹት። በዋዜማው እኔ ሄጄ አናግሬያቸው እንደ ነበር እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ይህን ካነበበ እንግዲህ ይወቀው።

አሁን አርብ ገበያ ስልክ እጠግናለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ብሎን እፈታለሁ፤ ኑሮ ነው። አባቴ ዓርብ ዓርብ ሱቄ ጎራ ይላል። ጫማውን ያወልቅና በፕላስቲክ ጠርሙስ የያዘውን ጠበል አውጥቶ ክኒኑን ይውጣል። በዓመት ሁለቴ ደሙንና ሳንባውን ያዩለታል፤ ደህና ነው ይሉታል።

ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ስንታየሁ ካስረዳችኝ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው፣ ሥራውን የሚሠራው የዋጥከው ነገር ብቻ አለመሆኑ ነው። ውስጥህ ገብቶ የሆነውም ይሠራል፤ እሱ ነው የሚቆየው፤ አታየውም፣ አትቆጥረውም፣ የለም ብለህም ትምላለህ። እኔ ሰው የሚለወጠው ጮክ ብለው ሲነግሩት ይመስለኝ ነበር። ቄስ አለባቸው የተናገሩት አሥር ዓረፍተ ነገር አይሞላም።

ባለፈው ዓርብ አባቴ ክኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ እያየ «አንቺ የተማርሽው» አለኝ። «የሞተ ሰው ግዝት ስንት ዓመት ይቆያል?»

የያዝኩትን ስልክ አስቀመጥኩ። «እንደ ሰውየው ነው። የቄስ አለባቸው ከሆነ ግን ቶሎ የሚወጣ አይመስለኝም።»

በገበሬ አእምሮው አሰበበት። ራሱን ነቀነቀ።

«ሞክሬ ባየው ደስ ይለኝ ነበር» አለ።

ክኒኑ ግን ይህን ሲል ጉሮሮውን አልፎ ነበር።